የታምሩ ሰፋፊ ጎማዎች

ጎማ መጠገን ያቆምኩት አስፋልት ቦንጋ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሰው ሁሉ አስፋልቱ ሥራ አሳጣው ይላል። ሥራ ያሳጣኝ ወገቤ ነው። አስፋልትማ ለጎሚስታ በረከት ነው፤ መንገዱ ሲለሰልስ ሹፌሩ ይፈጥናል፣ የሚፈጥን ሹፌር ደግሞ በጠጠር ላይ ከሚያዘግመው ይልቅ ጎማውን ቶሎ ይጨርሳል። ይህን በየሻይ ቤቱ አስረድቻለሁ። ያመነኝ የለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ትክክል ሆኜ የታመንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ለምጄዋለሁ።

ኮምፕሬሰሬን ሸጬ ቤቱን ሳጸዳ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ክምር ሥር ጎማ የሚገጠምበት አንድ የአሉሚኒየም ቸርኬ ወጣ። ሰባት ኢንች ስፋት፣ አራት የብሎን ቀዳዳ፣ አንድ ጎኑ ላይ የመጫር ምልክት። ዶሮዎቼ ለዓመታት እንቁላል ሲጥሉበት ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ነው። ደሞዙ ትንሽ ነበር፣ ግን በወሩ መጨረሻ ይመጣ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። አንድ ጊዜ ኃላፊያችን ወደ ደካ ሲሄዱ የመኪናቸው ጎማ ተነፈሰና ጉዳዩ ለግምገማ ቀረበ። ጎማው ለምን እንደተነፈሰ ተጠየቅሁ። ምስማር ስለገባበት ነው አልኩ። ምስማሩ ለምን መንገድ ላይ እንደተገኘ ተጠየቅሁ። ምስማሩን ብትጠይቁት ይሻላል አልኩ። የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቢታ ገነት ተዛወርኩ። እዚያ የምጠብቀው አንድ መኪና ብቻ ነበር፤ አራቱም ጎማዎቹ ጤነኞች ነበሩ፣ ሞተር ግን አልነበረውም። በዚያ ዓመት ያነበብኩትን ያህል መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ አላነበብኩም። የወረዳው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የነበረውን ሁሉ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስን ጨምሮ፣ ሞተር አልባው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩ። መንግሥት ካደረገልኝ ነገር ሁሉ የማመሰግነው ይህን ነው።

ሥራውን ለቅቄ ቦንጋ ስመለስ ጋሽ ሸምሱ ተቀበለኝ። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ከመናኸሪያው በታች የጎማ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ትሑት አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከእሱ በላይ ጎማ የሚያውቅ ሰው ካለ ይቅረብ ይል ነበር፤ የቀረበ አልነበረም፣ ምክንያቱም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጎማ አውቃለሁ ብሎ የሚወዳደር ሰው የለም።

ግን የሚያስቀና ልማድ ነበረው። መኪና ሲመጣ ጎማውን አያይም። በሩን ከፍቶ ወንበሩን ያያል። የትኛው ወንበር እንደጎደጎደ፣ ኋላ ላይ የስንት ሰው ዳሌ እንደተቀመጠ፣ የሻንጣው ምንጣፍ ላይ የቡና ገለባ እንዳለ ያያል። ከዚያ ሹፌሩን «ማን ማን ነው የሚሳፈረው?» ይለዋል። ሹፌሮች ይቆጡ ነበር፤ ጎማ ሊገዙ መጥተው የቤተሰብ ጥያቄ። ጋሽ ሸምሱ ግን ጎማ የሚመረጠው ለመኪናው ሳይሆን ለሚሳፈረው ሰው ነው ይላል። እኛ አገር መኪና ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሰው ይዞ የወጣ መኪና ሺሺንዳ ሳይደርስ ስድስት ሰው፣ አንድ በግና ሰላምታ ሊያደርስ የሚሄድ አንድ ቄስ ይዞ ይገኛል።

ሁለተኛው ልማዱ ሰም ነበር። የካፋ ማር ሲጣራ የሚቀረውን ሰም እንደ ጡብ አድርጎ ያስቀምጣል። ከፋብሪካው ልክ የተለየ ጎማ ለሚፈልግ ሰው ጎማውን ከላይ ከሚከድነው ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ጎማው ሊነካ በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሰም ይለጥፋል። ከዚያ መኪናውን ሰው ይሞላና ከቤቱ ፊት ያለችውን ቦይ ያሻግረዋል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ያስጠመዝዛል። ሲመለስ በሆዱ ተኝቶ ሰሙን ያነባል። የጎማ ጥርስ ከታተመበት አይሆንም። ትንሽ ከተዳጠ፣ የፓራፋንጎውን ከንፈር በእንጨት መዶሻ ወደ ውስጥ ያጥፋል። ንጹሕ ከሆነ እጁን ያጨበጭባል። መኪናውን ሊሞላ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ መናኸሪያ ነው፣ መኪና ውስጥ በነፃ ልቀመጥ የሚል ሰው ሞልቷል።

እንግዲህ ታምሩ ወደዚህ ቤት መጣ።

ታምሩ የቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ሞባይል ገና ቦንጋ ሳይገባ፣ ባለሁለት በር ቀይ የጃፓን ስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ ይዞ ገባ። ከኋላ ሁለት ሰው ይቀመጣል ተብሎ የተሠራ ወንበር አለው፤ የሠራው ሰው ግን እግር ያለው ሰው አላሰበም። ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ይህን መኪና መንዳት ቁጭ ብሎ መራመድ ነው።

ታምሩ ከሺሺንዳ ማዶ ባለችው በዋጫ የምታስተምረውን አስቴርን ይወዳል። አባቷ አቶ አድማሱ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር ናቸው፤ ሰውን ሁሉ አሁንም ሰልፍ ላይ እንደቆመ ተማሪ የሚያዩ። ሽማግሌዎቹን ሊያደርስ በክረምት ሄደና ያቺ ቀይ መኪና ከበራቸው ፊት ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። አቶ አድማሱ በሬዎቻቸውን አስጠምደው አወጧት። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ጠየቁ፣ እሳቸው ፈቀዱ፣ ግን አንድ ነገር ተናገሩ። «በጥር ይምጣና ይውሰዳት። በበሬዎቼ ተጎትቶ የሚሄድ ሙሽራ ግን ከዚህ ግቢ ልጄን ይዞ አይወጣም። አስቤበት ነው።»

ከልባቸው ነበር። ከዚህ ቀደም አንድ ሌላ ጠያቂ ስሙን በትክክል ስላልጻፈ መልሰዋል ይባላል።

ታምሩ ይህን ሲነግረን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሰፊ ጎማ። ጠባቡ ጎማ ነው ያዋረደኝ አለ። ሰፊ ጎማ መሬቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፣ አዲስ አበባ ያሉ የስፖርት መኪናዎች ሁሉ ሰፊ ነው የሚያደርጉት፣ ደግሞም ያምራል።

እኔ ስፋትን እጠራጠራለሁ። በእኛ አገር ሰፊ የተባለ ነገር ሁሉ በደንብ ሳይመረመር ይወደዳል፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ሰፊ ሕዝብ። ለታምሩ የቢታ ገነትን ፊዚክስ አስተማርኩት። የመኪናው ክብደት ያው ነው። ጎማው ሲሰፋ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል፤ በጭቃ ላይ ጠባብ ጎማ እንደ ቢላ ቆርጦ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፣ ሰፊው ግን ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ሰፊ ጎማ ለደረቅ አስፋልትና ለፈጣን ኩርባ ነው፤ ቦንጋ ደግሞ በዚያን ጊዜ አንዱም አልነበራትም። መሪው ይከብዳል። ቸርኬው ወደ ውጭ ሲወጣ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይሠቃያል። ስለዚህ ጠባቡን አትልቀቅ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን አልብሳት፣ ነፋሱን ትንሽ ቀንስ፣ አበቃ።

ታምሩ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለ።

ጋሽ ሸምሱ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አይቶ ነበር። በዕድሜው ለስፖርት መኪና ጎማ አልብሶ አያውቅም። ዓይኑን ሳየው ክርክሩ እንዳለቀ ገባኝ። «ይህ ልጅ ያለው እውነት ነው» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ሰፊውን እናደርጋለን።»

ታምሩ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቸርኬ ገዝቶ መጣ። ባለአምስት ቀዳዳ ነበር። መኪናዋ አራት ብሎን ነው ያላት። አምስተኛውን መተው አይቻልም ወይ አለ። አምስቱም ቦታቸው የተለየ ነው አልነው። እንብሳው አለ። ጋሽ ሸምሱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንግዲያውስ መኪናዋንም እበሳታለሁ፣ አንተንም ጨምሬ፣ አለ። ታምሩ መልሶ ሄደና በሁለተኛው ጉዞ ልኩን አመጣ።

መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበት ጎማ ጎኑ ላይ 185/70፣ ቸርኬው 13 ይላል። አዲሱ 205/50፣ ቸርኬው 15። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ጎማ ሲሰፋ ይረዝማል ብሎ ያስባል። ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት እጅ እንደሆነ ነው የሚነግርህ። ቸርኬው ሲያድግ ጎኑ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል፣ ማርሹም ይከብዳል። ሒሳቡን እኔ ሠራሁ። ከመሬት እስከ አናቱ የአዲሱና የአሮጌው ጎማ ልዩነት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ነገሩን ብቃወምም ሒሳቡ አኮራኝ። ሰው የማያምንበትን ሥራ በደንብ ሲሠራ የሚያገኘው ደስታ ሌላ ነው።

ከዚያ ሰሙ። ጋሽ ሸምሱ ወንበሩን አየና ጥያቄውን ጠየቀ፤ ማን ማን ነው የሚሳፈረው? ታምሩ ቆጠረለት። እሱ ይነዳል፣ አጠገቡ ሙሽራዋ፣ ከኋላ አንድ ሚዜ። ጋሽ ሸምሱ ለጥንቃቄ ብሎ አራት የቡና ጫኚዎች ከመናኸሪያው ጠርቶ አስገባ። ጫኚዎቹ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ታጥፈው ገቡ። ታምሩ እየነዳ ቦይዋን ተሻገሩ። መሪው ቀኝ ዞረ፣ ግራ ዞረ። ጋሽ ሸምሱ ተኝቶ አየ። ኋላ ግራ ላይ ሰሙ በትንሹ ተዳጧል። ከንፈሩን በመዶሻ አጠፈና እንደገና አስሞከረ። ንጹሕ። አጨበጨበ። ጫኚዎቹም አጨበጨቡ፤ ከውስጥ ለመውጣት ግን እርዳታ አስፈለጋቸው።

ታምሩ የድሮዎቹን ቸርኬዎች ከነጎማቸው በዚያው ሳምንት ለአንድ የቢታ ገነት ሰው ሸጠ። አትሽጥ አልኩት። ወደ ኋላ የሚያይ ሰው አይደለሁም አለኝ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። እኔና ጋሽ ሸምሱ ክሪክና ኮምፕሬሰር ይዘን ዘፋኞች በተጫኑበት የቡና ጭነት መኪና ላይ ተከተልን። ታምሩ የጠራን ብልሽት ቢኖር ብሎ ነው፤ እኔ በበኩሌ ጭቃ ውስጥ ስትንሳፈፍ ለማየት ነው የሄድኩት። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ በጥር ጭቃ የለም። ወራት ሙሉ ስለ ጭቃ ስከራከር፣ ሠርጉ በበጋ መሆኑን ከእኔ ጀምሮ ማንም አላነሳም። መንገዱ እስከ ዋጫ ድረስ አቧራ ብቻ ነበር። መኪናዋ ያለ አንድ ችግር ደረሰች፤ ኩርባው ላይ በመርፌ እንደተሰፋች ነበር የምትይዘው። ጋሽ ሸምሱ በየኩርባው ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት ጉዞ የለም።

ምሳ ተበላ፣ ምርቃት ተባለ፣ ሙሽራዋ ወጣች። ከሙሽራዋ ጋር አክስቷ እትዬ ብዙነሽ ወጣች።

እትዬ ብዙነሽ ያሳደገቻት ናት፣ ሙሽራዋን አዲሱ ቤቷ ድረስ ይዛት ትሄዳለች። ማንም አልነገረንም፤ መንገር የሚያስፈልገው ነገር ስላልነበረ። ግቢው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለእንግዳ የሚያስረዳ ማን አለ? ግርማ ሞገሷን በኪሎ መናገር ነውር ነው፤ ከአራቱ ጫኚዎች ሁለቱን ትተካለች ልበል። ከእትዬ ብዙነሽ በኋላ ሁለት እንስራ ነጭ ማር ወጣ። ማር ከውሃ በጣም እንደሚከብድ አንሥቶ የማያውቅ ሰው አያስበውም። ሁለቱም እንስራ ሻንጣው ውስጥ፣ ከኋላ ጎማዎች ኋላ፣ ገባ።

ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞርኩ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ማን ማን ነው የሚሳፈረው ብሎ የጠየቀው የመሄጃውን ነው። የመመለሻውን አልጠየቀም።

መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ከበሩ ፊት ያለውን ጎድጓዳ፣ ያንኑ የክረምቱን ቦታ፣ ስትረግጥ ከኋላ የጎማ ጩኸት ወጣ፣ ከዚያ የጎማ ጭስ። ቆመች። ዘፈኑ ቆመ። አቶ አድማሱ በሩ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ በሬዎቹ ሣር ይግጣሉ።

ጋሽ ሸምሱ ተኝቶ አየ። ሰም አላስፈለገም፤ የፓራፋንጎው ከንፈር ጎማውን ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጦታል። ተነሥቶ በጆሮዬ፣ አንድ ሰው ተኩል የሚያህል ክብደት ከወረደ ቀስ ብላ ቦንጋ ትገባለች፣ ካልወረደ ሺሺንዳ ሳትደርስ ጎማው ይፈነዳል አለ። እኔም ሒሳቡን ሠራሁ፤ ልክ ነበር።

ሚዜው ወረደ። አልበቃም። ማሩን ወደ ጭነት መኪናው እናዛውር ብሎ አንዱ ሻንጣውን ሊከፍት ሲል እትዬ ብዙነሽ ከውስጥ ሆና፣ ከእኔ ቤት የወጣ ማር ከልጄ ተለይቶ ከዘፋኝ እግር ሥር አይቀመጥም አለች። ያቀረበችው ሐሳብ አልነበረም፤ ውሳኔ ነበር። እትዬ ብዙነሽን ራሷን ውረጂ የሚል ደፋር ደግሞ በዋጫ አልተወለደም። ሙሽራዋ ትውረድ አይባልም።

አቶ አድማሱ ቀስ ብለው መጡ። የተቆረጠውን ጎማ አዩ፣ ታምሩን አዩ።

«በሬዎቹን ላስጠምድ?» አሉ።

የቀለዱ መስሏቸው አንዳንዶች ፈገግ አሉ። አስቴር አልሳቀችም። አባቷን ታውቃለች።

ታምሩ መሪውን እንደያዘ ነበር። ያቺን መኪና ምን ያህል እንደሚወዳት አይቻለሁ፤ ለዚህች ቀን ነው ቀይ ቀለሟን ያስደገመው። የቦንጋ ከተማ በሙሉ ሙሽራዋን ይዞ ሲገባ ሊያየው ይጠብቃል። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ ወረደ።

«አያስፈልግም ጋሼ» አለ። «የሚወርደው እኔ ነኝ።»

ማን ይንዳ የሚለው ቀረ። ጋሽ ሸምሱ ሠርገኛውን በዓይኑ መዘነና እኔ ላይ አረፈ። «ደሳለኝ ይንዳ» አለ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ሥጋ የሌለው እሱ ነው፤ የታምሩን ግማሽ አይመዝንም።» ቁልፉ እጄ ውስጥ ገባ።

ታምሩ ሙሉ ሱፉን ለብሶ ወደ ጭነት መኪናው ሄደ። የጭነት መኪናው ጎን ከፍ ያለ ነው፤ እግሩን ሰቅሎ ሲንሸራተት አቶ አድማሱ ከኋላ ደርሰው ክንዱን ያዙት፣ ደግፈውም ወደ ላይ አወጡት። ከዚያ ወደ በራቸው ተመልሰው እጃቸውን እንደገና አጣመሩ።

እኔም ሰማያዊ የሥራ ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ አጠገቤ ነጭ ቬሎ፣ ከኋላዬ እትዬ ብዙነሽ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ከዋጫ ወጣሁ። በየመንደሩ ሰው ወጥቶ እልል ይላል። የመጀመሪያዋ መንደር ላይ አይ እኔ አይደለሁም ለማለት በመስኮት እጄን አወጣሁ፤ እጅ የነሣሁ መስሏቸው እልልታው በዛ። ሺሺንዳ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ መኪናዋን አስቁመው፣ ዘግይቶም ቢሆን ማግባት ጥሩ ነው ብለው መረቁኝ። አስቴር ከሳቋ የተነሣ መናገር አቅቷት፣ አሜን ያለችላቸው እትዬ ብዙነሽ ናት። በመስታወቱ ሳይ ከኋላችን ባለው የአቧራ ደመና ውስጥ ታምሩ ከዘፋኞቹ መሐል ቆሞ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ሱፉ ከቡና ጆንያ ቀለም ጋር አንድ ሆኗል።

ጎማው ቦንጋ መግቢያ ድረስ ያዘ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ እነዚያ አራት ጫኚዎች አዩኝና፣ ሙሽራው ማን እንደሆነ እያወቁ፣ ከሁሉ ሰው በላይ አጨበጨቡ።

ጋሽ ሸምሱ ለሳምንታት ሲቆዝም ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን አረዘመው፤ ማን ማን ነው የሚሳፈረው፣ ሲመለስስ? እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ጠየቀ። እኔም ቤቱን ከወረስኩ በኋላ ያልኩት ይህንኑ ነው። ታምሩ ቢታ ገነት ሄዶ የድሮ ቸርኬዎቹን ከሸጠበት በላይ ከፍሎ መለሰ፤ ሰፋፊዎቹን ከእኛ ቤት ጥሎ ሄደ። ሦስቱን ሰው ገዛቸው። የተጫረውን ዶሮዎቼ ወረሱት።

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ሳጸዳ አስቴር መጣች። አሁን እሷም ዳይሬክተር ናት፤ ስትቆም እጇን ወደ ኋላ ታጣምራለች። ቸርኬውን ፈልጋ ነው የመጣችው፤ ልጆቿ ታሪኩን አያምኑም፣ ማስረጃ ይፈልጋሉ አለች። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ስለ አማቻቸው ሲጠየቁ ስለ ቡናውም ስለ ሀብቱም አይናገሩም ነበር፤ ከመኪናው የወረደ ልጅ ነው ይሉ ነበር።

እኔ ግን ዕድሜ ልክ የተሸከምኩትን ነገር ሳልናገር አልቀረሁም። ያን ቀን ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ሰፊው ጎማ መሄጃው ላይ ነበር የሚያቆማችሁ፣ እኔም ትክክል ነበርኩ አልኳት።

«አዎ ጋሽ ደሳለኝ» አለች። «አንተ ትክክል ትሆን ነበር፣ እኔም እስካሁን አባቴ ቤት እሆን ነበር።»

ቸርኬውን ከዶሮ ኩስ አጥቤ መኪናዋ ላይ ጫንኩላት። ማን ማን ነው የሚሳፈረው አልኳት፣ ሲመለስስ? ልጆቿን ቆጠረችልኝ፣ የጎረቤት ልጆችም አሉ አለች፣ አንዳንዴም እትዬ ብዙነሽ። ጎንበስ ብዬ ጎማዎቿን አየሁ፤ ጠባብ ነበሩ፣ ጥርሳቸው ጥልቅ፣ ነፋሳቸው ልክ። ቀና ስል እያየችኝ ነበር። ፈገግ ብላ ሞተሩን አስነሣች።